የሐዋሳ ወር ፓኬቱ ላይ የለም፦ ስለ ጓሮ ካሮት ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጓሮ ካሮት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እዚህ ሐዋሳ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። ጸሐፊው ሰው ጓሮውን እንዲያለማ ከልባቸው የሚፈልጉ ይመስላሉ። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ምክራቸው ግን አብዛኛው ለእኛ ከተማ አይሆንም። አንዳንዱ ደግሞ ለየትኛውም ከተማ አይሆንም።

ዝም ልል ነበር። ዝም ያላልኩት በጎረቤቴ ምክንያት ነው። ጽሑፉን አንብባ ሰኔ ላይ ዘራች። ከደመወዟ ቆርሳ ዘር ገዛች፣ ፍግ በጋሪ አስመጣች፣ ልጆቿን ይዛ መደብ አወጣች። መስከረም ላይ ስትነቅል አብሬያት ነበርኩ። አንዱ ሁለት እግር አውጥቷል፣ ሌላው ሦስት። ገሚሱ ፀጉር የወረሰው ነው። ቀሪው ከትንሽ ጣት አይበልጥም። ትንሹ ልጇ አንዱን አንስቶ «እማዬ፣ ይሄም ካሮት ነው?» አላት። እሷም «ሁለተኛ አልሞክርም» አለች። ያንገበገበኝ ይህ ነው። ሴትዮዋ የታዘዘችውን ሁሉ አድርጋለች። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም።

ላላነበባችሁት፣ ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ካሮት ሁሉ አንድ ስለሆነ ፓኬቱ ላይ ረጅም ካሮት የተሳለበትን ግዙ። ሰኔ ላይ ዝሩ። እንደ ጎመን ችግኝ አፍልታችሁ ማዛወርም ትችላላችሁ። ትኩስ ፍግ አትንፈጉት። ዘር በየዓመቱ ከመግዛት ከራሳችሁ ካሮት አውጡ። ከበረታችሁ ደግሞ ፓርስኒፕ የሚባለውን ነጩን ዘመዱን በየካቲት ሞክሩት። የተረፈ ዘር ካለ ለከርሞ ይሆናችኋል።

ከመጀመሪያው ልነሳ። «ካሮት ካሮት ነው» የሚለው አባባል ገበያ ላይ ለሚገዛ ሰው ያስኬዳል። ለሚዘራ ሰው አያስኬድም። የካሮት ዝርያዎች በመልክ ቢመሳሰሉም መሬት ውስጥ የሚፈልጉት ነገር ይለያያል። እኛ አገር የዘር መሸጫ ቤቶች ውስጥ አዘውትረው የሚገኙት ናንቴስና ቻንቴናይ ናቸው። ናንቴስ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይ ከተማ ነው። ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ እኩል ነው፣ ጫፉ ዱልዱም ነው፣ ልቡ ቀጭን ነው። ጥሬውን ሲበሉት ይጣፍጣል። ግን ልል መሬት ይፈልጋል። ቻንቴናይ ትከሻው ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር፣ ወደ ታች እየሾለ የሚሄድ ነው። ጠንከር ያለ መሬት ላይ እንደ ሽብልቅ እየገፋ ይወርዳል። ሦስተኛው ኩሮዳ ነው። የወጣው ከጃፓን ነው፤ ሙቀት ከሌሎቹ በተሻለ ስለሚችል ብዙ ሞቃት አገሮች ውስጥ ተወዷል። ከዚያ ኢምፔሬተር የሚባለው ይመጣል። ፓኬት ላይ ሲያዩት የሚያማልለው፣ ከ20 ሳንቲሜትር በላይ የሚረዝመው እሱ ነው። ጸሐፊው «ረጅሙን ምረጡ» ሲሉ ያነሱት ይህንኑ ነው።

ኢምፔሬተር ክፉ ዝርያ አይደለም። ነገር ግን ጥልቅ፣ አሸዋማ፣ ድንጋይ የሌለበት መሬት ይፈልጋል። የእኛ መሬት ደግሞ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። ሐዋሳ የተቀመጠችው በጥንት እሳተ ገሞራ በተፈጠረ ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። በእኔ ጓሮ ሁለት አካፋ ያህል ስትቆፍሩ ያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ነጭ ጠጠር ይወጣል። ላዩ ልል ነው፤ ናንቴስ ደህና ይወርድበታል። ታቦር ተራራ ግርጌ ያለችው እህቴ ጋ ግን አንድ ስንዝር ሳትሄዱ ድንጋይ ነው። ወደ ሐይቁ ጠጋ ያለ ቦታ የያዘ ወዳጄ ደግሞ ችግሩ ውሃ ነው። ትንሽ ሲቆፍር ርጥበት ያገኛል፤ ርጥበት የተኛበት ካሮት ይበሰብሳል። ሦስታችንም ሐዋሳ ነን። ሦስታችንም አንድ ፓኬት ብንገዛ ሁለታችን እናለቅሳለን።

መሬታችሁን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። መደቡን ማታ በደንብ አጠጡት። ጠዋት አንድ ቀጭን ፌሮ ይዛችሁ በእጃችሁ ብቻ ግፉት፣ መዶሻ አትጠቀሙ። አሥር ቦታ ሞክሩ። ብዙውን ጊዜ የት ላይ ነው የሚቆመው? ከ25 ሳንቲሜትር በላይ ከወረደ የፈለጋችሁትን ዝሩ። 15 እና 20 መሐል ከቆመ ናንቴስ ወይም ኩሮዳ ይሁን፣ እሱንም በደንብ ቆፍራችሁ። ከዚያ በታች ከሆነ ቻንቴናይ ግዙ፤ ወይም መደቡን ከፍ አድርጋችሁ አፈር ጨምሩበት። ምርጫው ከዚህ በላይ አይወሳሰብም። ጎረቤቴ ይህን ብታውቅ ኖሮ ገና ከዘር ቤቱ ስትወጣ ግማሹን ችግር ትታው ነበር የምትመጣው።

ወቅቱ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ዋናው ጉዳት ያለው እዚህ ነው። ጸሐፊው «ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔ ላይ ዝሩ፤ ውሃው በነጻ ነው» ይላሉ። ጤፍና በቆሎ የለመደ አእምሮ እንዲህ ቢያስብ አይገርምም። የካሮት ዘር ግን በቆሎ አይደለም። አንድ ግራም ውስጥ ብዙ መቶ ፍሬ አለ። የሚዘራው ግማሽ ወይም ቢበዛ አንድ ሳንቲሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ለመብቀል ከአንድ ሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስድበታል። ይህን ሁሉ ቀን አፈሩ ላይ ተኝቶ እየጠበቀ የሰኔና የሐምሌ ዶፍ ሲወርድበት አስቡት። መጀመሪያ ዘሩ ይታጠብና መደቡ ጥግ ላይ ይከማቻል። ቀጥሎ ፀሐይ ብልጭ ስትል አፈሩ ቅርፊት ይሠራል። ያ እንደ ክር የቀጠነ ቡቃያ ቅርፊቱን ሰብሮ መውጣት አይችልም። የጎረቤቴ መደብ አንድ ጥግ ላይ ጫካ፣ ሌላው ላይ ባዶ የነበረው ለዚህ ነው።

ከበቀለ በኋላም አያርፍም። ካሮት ሕፃንነቱ ረጅም ነው፤ አረም ደግሞ በክረምት አይተኛም። ቅጠሉ ሳይደርቅ ውሎ ሲያድር ቡናማ ነጠብጣብ የሚያወጣ የቅጠል በሽታ ይገባበታል። ከጫፍ ጀምሮ እያቃጠለ ይሄዳል። ቅጠል የሌለው ካሮት ሥሩን በምን ያወፍራል?

እውነት ለመናገር የክረምቱ ቀን ለብ ያለ ስለሆነ በሙቀት በኩል ለካሮት አይከፋም። ሰኔ ላይ ዘርቶ ያገኘ ሰው ቢኖር አልከራከረውም። መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ፣ ቦይ አውጥቶ፣ እስኪበቅል ድረስ ሣር አልብሶ የያዘ ሰው ያገኛል። ለጀማሪ ግን ከዓመቱ ውስጥ ከባዱን ወር መርጦ መስጠት ልክ አይደለም።

ታዲያ መቼ? ካሮት የሚወደው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ገደማ ያለ አየር ነው። ቀለሙም ጣዕሙም የሚያምረው ሥሩ በሚወፍርበት ጊዜ አየሩ እንዲህ ለስለስ ሲል ነው። ሙቀቱ ወደ 30 ሲጠጋ ሥሩ ያጥራል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጣዕሙም ይጠነክራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ልብ መባል ያለበት የምትዘሩበት ቀን አይደለም። ዋናው ነገር ከዘራችሁ ከሁለት ወር በኋላ ያለው አየር ነው። ሥሩ የሚወፍረው ያኔ ነው። ስለዚህ ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ።

የሐዋሳን ዓመት እናውቀዋለን። ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ሐይቅ ዳር ጋቢ ሳይደርብ የሚወጣ የለም። የካቲትና መጋቢት ደግሞ ይፋጃል። እንግዲህ ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 15 ባለው ጊዜ ብትዘሩ፣ ዘሩ የሚበቅለው በመጨረሻዎቹ ለስላሳ ዝናቦች ነው። ሥሩ የሚወፍረው በኅዳርና በታኅሣሥ ቀዝቃዛ ሌሊት ነው። 100 ቀን ስትቆጥሩ ከገና ማግስት እስከ ጥር መጨረሻ ትነቅላላችሁ። የየካቲት ሙቀት ሳይደርስበት ማለት ነው። ለሁዳዴም ይደርሳል። በጾም ወቅት የአትክልት አልጫ የማይሠራ ቤት የለምና ዋጋው እንዴት እንደሚንር ጉሊት የሚሄድ ሁሉ ያውቀዋል።

በእርግጥ ይህ ወቅት ውሃ ይጠይቃል። ከጥቅምት በኋላ ሰማዩን መተማመን የለም። ለአንድ የጓሮ መደብ ግን በሁለት ቀን አንዴ ጥቂት ጀሪካን በቂ ነው። ቧንቧ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ለምትኖሩ ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የልብስ እጣቢ ግን አታፍስሱበት፤ ሳሙናው አይስማማውም። ጎመንና ሰላጣ የታጠበበት ውሃ ይበቃዋል። ከሁሉ በላይ ውሃው ወጥ ይሁን። ሳምንት አስጠምታችሁ በአንድ ቀን ብታጥለቀልቁት ካሮቱ ቁመቱን ይዞ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛ ዕድልም አለ። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ በበልጉ ዝናብ ብትዘሩ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ለፍልሰታ ማለት ነው። ለዚህ ጊዜ ኩሮዳ ወይም ቻንቴናይ እመርጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ሙቀት፣ መጨረሻ ላይ ዝናብ ስለሚያገኘው ጠንካራ ዝርያ ይሻላል። መደቡም ከፍ ያለ ይሁን። ከየካቲትና ከመጋቢት መጀመሪያ ግን ራቁ። በዚያ ፀሐይ ላዩ አፈር በሰዓታት ይደርቃል። ለመብቀል ሁለት ሳምንት ርጥበት የሚፈልግን ዘር በዚያ ወቅት ለማቆየት በቀን ሦስት ጊዜ ማጠጣት ያስፈልጋል። ሥራ ያለው ሰው አይችለውም።

ስለ ወር ካነሳን ዘንድ ማንም ሲናገረው ያልሰማሁትን አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ አገር የዘር ፓኬት ላይ ወሩ ብዙ ጊዜ በቁጥር ነው የሚጻፈው። ከ2 እስከ 5 የሚል ታገኛላችሁ። ይህ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ነው፤ በእኛ ከጥር መጨረሻ እስከ ግንቦት መሆኑ ነው። እኛ ግን ሁለተኛ ወር ስንል ጥቅምት ነው። አንድ ዘር ቤት ውስጥ ገዢውም ሻጩም በዚህ ቁጥር ላይ ሲከራከሩ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሻጩ «የካቲት ነው»፣ ገዢው «ጥቅምት ነው» ይላሉ። ፓኬቱን በትክክል ያነበበው ሻጩ ነበር። ለሐዋሳ የሚጠቅመው ግን የገዢው ወር ነው። ምክንያቱም የፓኬቱ ቁጥር የተጻፈው በረዶው ቀልጦ መሬቱ ለሚሞቅበት አገር ነው። የእኛን ዓመት የሚከፍለው ዝናብ ነው። ፓኬቱ ላይ የሚጠቅማችሁ ቁጥር ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚናገረውና ዘሩ የሚያበቃበት ዓመት ነው። ወሩን ከራሳችሁ ሰማይ ውሰዱ።

ማዛወርን በተመለከተ አጭር ነኝ። አታዛውሩ። ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት ቢዛወሩ የሚበላው አካላቸው አይነካም። ካሮት ላይ የሚበላው ያ የመጀመሪያው ዋና ሥር ራሱ ነው። ቡቃያው ገና ሁለት ቅጠል እያለው ሥሩ ወደ ታች ረዝሟል። ስትነቅሉት ጫፉ ይቆረጣል ወይም ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚያድገው ሁለት እግር ወይም መንጠቆ ነው። ዘሩን በቦታው፣ በመስመር ዝሩት። በመስመሮቹ መሐል 20 ሳንቲሜትር ይበቃል። እስኪበቅል ድረስ መስመሩን በረጠበ ጆንያ ሸፍኑት። ከስድስተኛው ቀን ጀምራችሁ ጠዋት ጠዋት ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። አረንጓዴ ብቅ ሲል ጆንያውን ያንኑ ቀን አንሱ።

ማሳሳት ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። በቅሎ ጣት ሲያህል በአራት ወይም አምስት ሳንቲሜትር ርቀት አንድ አንድ አስቀርታችሁ ሌላውን ንቀሉ ብለዋል። እኔም ይህንኑ እላለሁ። ብዙ ሰው መንቀሉ ያሳዝነዋል። የተጨናነቀ ካሮት ግን ሁሉም ክር ሆኖ ይቀራል።

ፍጉ ላይ እንምጣ። ጸሐፊው የሲዳማን እንሰት አንስተው «እንሰት በፍግ እንደሚወፍር እናያለን፤ ካሮትም እንደዚያው ነው» ይላሉ። እንሰትና ፍግ ያላቸውን ዝምድና እዚህ የሚክድ የለም። በሲዳማ ከከብቱ ጉሮኖ የሚወጣው ሁሉ ወደ እንሰቱ ነው የሚሄደው። ቅጠሉም ግንዱም ይገዝፋል፣ ቆጮውም ይበዛል። ነገር ግን እንሰቱ ላይ የምንፈልገው ግዝፈት ነው። ካሮት ላይ የምንፈልገው አንድ ቀጥ ያለ ሥር ነው። ትኩስ ፍግ ሲያገኝ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ሥሩ ደግሞ ይከፋፈላል፣ ፀጉርም ያወጣል። የጎረቤቴ ካሮት ሦስት እግር ያወጣው በአብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው። ዩሪያ ሲበዛም ያው ነው። ፍጉን ቀድማችሁ ለጎመን ስጡት። ጎመኑን በልታችሁ ስትጨርሱ በዚያው መደብ ላይ ካሮት ዝሩ። ወይም ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ዓመት የበሰበሰ፣ ሽታው የጠፋ፣ በእጅ ሲይዙት እንደ አፈር የሚፈረፈር ኮምፖስት ተጠቀሙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። እግር የማብዛት ነገር ሁልጊዜ ከፍግ አይመጣም። ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ ያሉ እብጠቶች ካያችሁ በዓይን የማይታይ የሥር ትል፣ ኔማቶድ የሚባለው፣ ገብቷል ማለት ነው። ቲማቲም ደጋግሞ የተተከለበት መሬት ላይ ይበዛል። እዚያ ቦታ ካሮት አትዝሩ። አንድ ሁለት ወቅት በቆሎ ወይም ሽንኩርት አፈራርቁበት።

«ዘር ከራሳችሁ ካሮት አውጡ» ያሉት ነገር ልቤን ነክቶታል። እናቴ የበርበሬውንም የዱባውንም ዘር በጨርቅ ቋጥራ ማጀት ትሰቅል ነበር። ካሮትንም እንዲሁ ለማድረግ ሞክሬያለሁ። ሦስት ካሮት መሬት ውስጥ ትቼ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ጠበቅኩ። እንጨት ሆኑ። አበባ ግን አላወጡም። በኋላ ነው ምክንያቱ የገባኝ። ካሮት የሁለት ዓመት ተክል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስንቁን ሥሩ ውስጥ ያከማቻል፣ በሁለተኛው አብቦ ዘር ይሰጣል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሻገር ግን ሳምንታት የሚቆይ ብርድ ይፈልጋል፤ ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ። የሐዋሳ ሌሊት አልፎ አልፎ ወደዚያ ይጠጋ ይሆናል፤ ቀኑ ግን መልሶ ያሞቀዋል። ስለዚህ እነ ናንቴስ እዚህ የብርዱ ወቅት የመጣ አይመስላቸውም፣ ዝም ብለው ሥር ሆነው ይኖራሉ። አገራችን ውስጥ የካሮት ዘር ማምረት ለዘመናት አስቸጋሪ ሆኖ የቆየው፣ ፓኬቱም ከውጭ የሚመጣው ከዚህ የተነሳ ነው። እዚሁ ዘር የሚሰጥ ዝርያ ለማግኘት ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በምሥራቁ ደጋ ሲደክም ቆይቷል። ይህ ሥራ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ዘር በየወረዳው ሱቅ የሚገኝበትን ቀን እናፍቃለሁ።

ፓኬቱ ላይ ኤፍ 1 የሚል ካለበት ደግሞ፣ ደጋ ወስዳችሁ ዘር ብታገኙበት እንኳ ልጁ እናቱን አይመስልም። ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የወጣ ነውና በሚቀጥለው ትውልድ ይበተናል።

አሁን ፓርስኒፕ። ለማታውቁት፣ ነጭ ወይም የወተት ቀለም ያለው ካሮት የሚመስል ሥር ነው። የካሮት፣ የድንብላልና የእንስላል ዘመድ ነው። እንግሊዝ አገር ያለ ዘመድ ፓኬቱን ይልካል፤ እኔም ከዚያው በመጣ ዘር ነው የተዋወቅኩት። ጸሐፊው «በየካቲት ዝሩት፣ ፓኬቱም እንዲሁ ይላል» ብለዋል። አዎ፣ ፓኬቱ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ይላል። እዚያው እንግሊዝ አገር ግን የበሰሉ አትክልተኞች ፌብሩዋሪን አይወዱም። መሬቱ በረዶ ስለሆነ ዘሩ ይበሰብሳል፤ እስከ ማርችና ኤፕሪል ይታገሳሉ። እኛ ጋ የካቲት ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ይጠበሳል። ሁለቱም ቦታ የማይሆን ወር ነው የተመከርነው።

ፓርስኒፕ መሬት ውስጥ ከካሮት ይልቅ ብዙ ይቆያል፤ ከአራት ወር እስከ ስድስት ወር። ለመብቀል ብቻ ሦስትና አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ጣፋጭነቱ የሚመጣው ደግሞ ከብርድ ነው። ውርጭ ሲመታው ውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል። ለዚያ ነው እንግሊዞቹ ከመጀመሪያው ውርጭ በኋላ የሚነቅሉት። ሐዋሳ ላይ ያንን ጣዕም እጠብቃለሁ ማለት ራስን መደለል ነው። ጸሐፊው የጻፉት ጣፋጭነት እዚያ አገር በልተውት ከሆነ እውነታቸውን ነው። እኔ እዚህ አብስዬው ከድንች ብዙም አልራቀም፤ ትንሽ የቅመም ሽታ አለው።

ዝርያውም ያው ነው፣ ለአንድ ቦታ ተብሎ የተሠራ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሳይረንሰስተር በሚባል የእንግሊዝ ከተማ ያለ የእርሻ ኮሌጅ ውስጥ ከጫካ ፓርስኒፕ ዘር ጀምረው፣ ትውልድ በትውልድ እየመረጡ ዘ ስቱደንት የሚባለውን ዝርያ አወጡ። እስከ ዛሬ ይሸጣል። የተመረጠው ግን በዚያ አፈር፣ በዚያ ብርድ ነው። እነ ሆሎው ክራውንና ቴንደር ኤንድ ትሩ ረጃጅሞች ናቸው፤ ጥልቅ መሬት ከሌላችሁ አትንኳቸው። መሞከር ካማራችሁ አቮንሬዚስተር የሚባለውን አጭሩን ፈልጉ። ሥሩን እያጠቆረ የሚያበሰብሰውን በሽታ እንዲቋቋም ተብሎ የወጣ ነው፣ ጠባብ ቦታም ይበቃዋል። ጊዜው ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ይሁን። ከአንድ ሜትር መስመር በላይ አትዝሩ። ለቤተሰብ ምግብ ብላችሁ ሳይሆን ለማየት ያህል።

ጽሑፉ ውስጥ ፈጽሞ ያልተነሳና ያስደነገጠኝ ነገር አለ። የፓርስኒፕ ቅጠልና ግንድ ፈሳሽ ቆዳ ላይ ካረፈና ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። የሚያቃጥለው ወዲያው አይደለም። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ውሃ ይቋጥራል፣ ጠባሳውም ለወራት ይቆያል። ደመና በሚበዛበት እንግሊዝ አገር እንኳ ሰው ይጎዳል። የእኛ ፀሐይ ከዚያ በጣም ይበረታል። ስለዚህ ስታርሙም ስትነቅሉም ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ሥሩ፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። ሕፃናት ቅጠሉን እንዳይጫወቱበት አደራ።

የመጨረሻው ነጥብ የተረፈ ዘር ነው። «ለከርሞ ይሆናል» የሚለው ለካሮት በግማሽ ልክ ነው። በደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከተቀመጠ ሁለትና ሦስት ዓመት ይቆያል። የፓርስኒፕ ግን ከአንድ ዓመት በኋላ አያስተማምንም። እኔ መጀመሪያ የዘራሁት ሁለት ዓመት የቆየ ነበር፤ አንድ ሙሉ መስመር ላይ አራት ብቻ በቀለ። እዚህ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ቦታ የካሮት ዘር ከትልቅ ቆርቆሮ እየተቀዳ በሻይ ማንኪያ ይሸጣል። ቆርቆሮው መቼ እንደተከፈተ ገዢው አያውቅም። በላስቲክ ተቋጥሮ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመም አለ።

ስለዚህ መደብ ከማውጣታችሁ በፊት ሞክሩት። 20 ፍሬ ቁጠሩ። በረጠበ ሶፍት ላይ ደርድሩ፣ ጠቅልላችሁ ሳህን ላይ አድርጉ፣ እንዳይደርቅ በላስቲክ ሸፍኑት። ማጀት ውስጥ ከምድጃ ራቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። በ12ኛው ቀን ግለጡና ቁጠሩ። ከ14 በላይ ከበቀለ ያለ ሐሳብ ዝሩ። 10 ገደማ ከሆነ ዘሩን አጠጋግታችሁ ዝሩ። ከ5 በታች ከሆነ ለዘር ቤቱ መልሳችሁ አሳዩአቸውና ሌላ ጠይቁ። ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት ይህን አደረገች፣ 16 በቀለላት። መደቡን ቅዳሜ አብረን እናወጣለን።